ለመጀመሪያ ቤቴ ገንዘብ የሚያወጣ አጋር ከየት ላግኝ?

ጀማሪው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በባልቲሞር እድሳት የሚፈልግ ቤት ገዝቼ ለማከራየት አስቤአለሁ። የእቁቡን ጨምሮ 30,000 ዶላር በእጄ አለ፤ ይህ ግን ለግዢውም ለእድሳቱም አይበቃም። ሐሳቤን ያካፈልኳቸው ሦስት ሰዎች «ጥሩ ነው፣ እናስብበት» ብለው ዝም አሉ። ቤት ገዝቶ የማያውቅ ሰው አጋር የሚያገኘው እንዴት ነው?

የባልቲሞር አከራይ፦
ወንድሜ፣ ሰዎቹ እርስዎን ሳያምኑ ቀርተው አይመስለኝም፤ የሚያስቡበት ቤት ስላላሳዩአቸው ነው። እኔም በየክርስትናውና በየሠርጉ ስለ ሪል ስቴት ሳወራ ከርሜ አንድም ሰው አላገኘሁም። ገንዘቡ የተገኘው የአንድ ቤት አድራሻ፣ የጣሪያውንና የማሞቂያውን ፎቶግራፍ፣ ኮንትራክተሩ የጻፈውን የእድሳት ዋጋ እንዲሁም በዚያው ጎዳና በቅርቡ የተሸጡ ሦስት ቤቶችን ዋጋ ይዤ አንድ የታክሲ ባልደረባዬን ቡና ላይ ሳነጋግር ነው። ብዙ ገዢዎች ቤቱ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ 70 በመቶውን ወስደው ከዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ ይቀንሳሉ፤ ታድሶ 200,000 ለሚያወጣና 50,000 እድሳት ለሚፈልግ ቤት ከ90,000 በላይ አይከፍሉም ማለት ነው። በባልቲሞር ደግሞ ብዙ ቤቶች «ግራውንድ ሬንት» የሚባል፣ ቤቱ ለቆመበት መሬት ባለቤት የሚከፈል ኪራይ አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ50 እስከ 150 ዶላር ቢሆንም ውዝፉ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ የሜሪላንድን የግራውንድ ሬንት መዝገብ ሳያዩ አይፈርሙ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦
ገንዘቡን ከመቀበልዎ በፊት ሰውየው አበዳሪ ነው ወይስ ባለድርሻ የሚለው በጽሑፍ ይለይ። ለአበዳሪ ወለዱና የመክፈያ ቀኑ የተጠቀሰበት የዕዳ ሰነድ ይፈረምለታል፤ ቤቱም በመያዣነት ይመዘገብለታል። ባለድርሻ ከሆነ ግን ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) አቋቁማችሁ፣ ያልታሰበ ወጪ ሲመጣ ማን እንደሚጨምርና አንዱ ልውጣ ቢል ቤቱ እንዴት እንደሚገመት በስምምነቱ አስፍሩ። በሥራው የማይሳተፉ ሰዎች ትርፍ ጠብቀው ገንዘብ ሲሰጡዎት ነገሩ በፌዴራል ሕግ እንደ አክሲዮን ሽያጭ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። የአንድ እናት ልጆች በጣሪያ ወጪ ሲኳረፉ አይቻለሁ።

ደላላው፦
አጋር የግድ ያስፈልግዎታል? የክሬዲት ነጥብዎ 580ና ከዚያ በላይ ከሆነ በኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥት ለባንኩ ዋስትና የሚሰጥበት የቤት ብድር) 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ከፍለው እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ መግዛት ይችላሉ፤ ግዴታው በአንዱ ራስዎ መኖር ነው። የ300,000 ሕንፃ ቅድመ ክፍያ 10,500 ዶላር ይሆናል፤ ግዢው ሲጠናቀቅ የሚከፈለው የመዝጊያ ወጪ ለብቻው ነው።

ጀማሪው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባልቲሞር መኖሩን ባለቤቴ ከተስማማችበት የመጨረሻውን እሞክራለሁ፤ ካልሆነ የቤቱን ፎቶግራፍ ይዤ ወደ ሦስቱ ሰዎች እመለሳለሁ።