ድሬ ያለው ኮሮላ ከጋራዥ ወጥቶ መንዘር ጀመረ ላልከው ወንድም

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ለታናሽ ወንድምህ ስለተውክለት ኮሮላ የጻፍከውን አነበብኩት። ፍሪሲዮን ተቀየረ፣ ሁለት የሞተር ሳፖርት (ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚይዘው ባለ ጎማ ድጋፍ) አዲስ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ቆሞ ሲሠራ መሪው እጅ ያደነዝዛል፣ ነዳጅ ትንሽ ሲሰጠው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥር ዝዝዝ ይላል። አንተም ካልጋሪ ሆነህ ሙሉ ሳፖርት ገዝተህ ለገና በሚመጣ ሰው ሻንጣ ልትልክ ነው። አቦ ቆይ! ገንዘብህን ገና አታውጣ።

ጠቅልዬ ድሬ ከገባሁ ወዲህ ከውጭ እቃ እየጎረፈለት ያልዳነ መኪና ብዙ አይቻለሁ። ሕመሙ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ። ውጭ ስንኖር አንድ አመል ይይዘናል፤ መካኒኩን አናምንም፣ እቃውን ግን እናምናለን። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለውን ቤንዚን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል፣ ይገባኛል። ግን ምርመራው ይቅደም።

ወንድምህን መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን ምን እንደተፈታ ነው። ምን እንደተቀየረ ደረሰኙ ይነግርሃል፣ ምን እንደተፈታ ግን ማንም አይጽፍልህም። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ይወርዳል። ካምቢዮ እንዲወርድ ሞተሩ ከሥር በክሪክ ይደገፋል፣ ሳፖርቶቹ ይላላሉ፣ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ይወጣሉ፣ ባትሪ ይነቀላል፣ የአየር ፊልትሮው ቤት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫው ቱቦም ይፈታል። ከጥገና በኋላ የመጣ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ እጅ ከገባበት ቦታ አይርቅም። በአጋጣሚ በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ሊበላሽ ይችላል፣ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምንፈልገው።

ቀጥሎ፣ ንዝረቱ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ጎማውን? ያንተ ቆሞም ስለሚነዝር ሞተሩን ነው፤ ጎማ ባላንስ አስደርጉ የሚሉህን ለጊዜው ተዋቸው። ሲሄድ ብቻ ለሚነዝርባችሁ ሌሎቻችሁ፣ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ ንዝረቱ ሲመጣ ማርሹን ነጻ አድርጉና ሞተሩን ወደ ሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ አውርዱት። ከቀጠለ ጎማ ወይም ዘንግ ነው። ከጠፋ ወደ ሞተሩ ተመለሱ።

አሁን ዋናው ነገር የንዝረቱ ፍጥነት ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 12 ተኩል ዙር መሆኑ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሲሊንደር ስለሚተኩስ በሰከንድ 25 ፍንዳታ አለ ማለት ነው። ይሄ እጅ የሚያደነዝዘው ድቅቅ ያለ ንዝረት ነው። ጤነኛ ሞተርም አለው፣ ሳፖርቱ ስለሚውጠው ነው የማይሰማን። አንዱ ሲሊንደር ካልተኮሰ ግን ሞተሩ በየሁለት ዙሩ አንዴ ይጎድልበታል፣ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ገደማ። እሱ ዝዝዝ አይልም፣ ያናውጣል። የኋላ ማያ መስታወቱ ይወዛወዛል፣ ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ መዳፍ ጠጋ ብታደርግ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ይመጣል። ወንድምህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከነገረህ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የሚያናውጥ ከሆነ ሳፖርት ብትቀይርለት ለውጥ የለም። ሞተሩ እየሠራ የየሲሊንደሩን ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ሶኬት አንድ በአንድ ነቅሎ መመለስ ነው። ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ደህና ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ጥፋተኛው እሱ ነው። የድሮው ባለ ካንዴላ ገመድ ከሆነ በባዶ እጅ እንዳይነካው፣ ይመታል። ኮምፒውተር የሚገባለት መኪና ከሆነ ፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት ቁጥሮች የትኛው ሲሊንደር እንደሳተ ይናገራሉ፤ ፒ0300 ከመጣ ግን አንድ ሲሊንደር ላይ አልረጋም ማለት ነውና አየር የሚያስገባ ቦታ ፈልጉ፣ ፊልትሮው ቤት ሲነሳ የተረሳች ቀጭን የአየር ቱቦ ብዙ ጊዜ እዚያው ተንጠልጥላ ትገኛለች። አብሮ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ በአንድ ጥርስ መሳቱ ይጠረጠራል። ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቱ መግጠሙን ማየት ደንብ ነው። መካኒኩን "አዙረህ አይተሃል ወይ?" በሉት፣ ሳይቆጣ።

ከጻፍከው ስገምት ግን ያንተ ድቅቅ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ የንክኪ ወይም የሳፖርት ጉዳይ ነው። የእህቴ ቪትዝ ልክ እንዲህ ሆና ነበር። ሳፖርት ተቀየረላትና ስትመጣ ውስጧ መቀመጥ ሐረር መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ እንደመቆም ሆነ። የሠራው ጋራዥ "አዲስ ጎማ ነው፣ ይላመዳል" አለ። ከዚራ አካባቢ አንድ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያደጉ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ወሰድናት። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ረጅም ካቻቢቴ አወጡ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዲናሞውን፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር፣ የውሃ ፓምፑን በየተራ አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን ነዳጅ ይዘህ ቁም አሉኝና፣ ዝዝታው በሚመጣበት ዙር ላይ ይዤ ስቆም ከሥር ገብተው ከአሮጌ የባጃጅ ከለማዳሪ የተቆረጠች ጎማ በጭስ ማውጫው ቱቦና ከሥር ባለው ተሸካሚ ብረት መካከል ሰኩ። ድምፁ ቀጥ አለ። ቱቦው ለሳፖርቱ ሲባል ሞተሩ ከፍ ከተደረገ በኋላ ተጠምዞ ታስሮ ብረቱን እየነካ ነበር። ቡሎኖቹን አላልተው ቱቦው በራሱ ክብደት እንዲንጠለጠል ለቀቁትና መልሰው አጠበቁ። ሌላ ምንም አልተቀየረም።

ሳፖርቱም ላይ ያው ነው። አንዱ ቡሎን ቀድሞ ከተጠበቀ ሌላው ጎማ ተወጥሮ ይቀመጣል፣ የተወጠረ ጎማ ደግሞ ንዝረትን አይውጥም፣ ቀጥታ ለአካሉ ያቀብላል። ስለዚህ ቡሎኖቹ በሙሉ እጅ ያህል ላልተው፣ ከሥር ያለው ክሪክ ወጥቶ፣ ሞተሩ ክብደቱን በራሱ ይጣል፣ ከዚያ ትንሽ ተነስቶ ይጥፋ፣ መጥበቅ የመጨረሻ ሥራ ነው። ይሄ እቃ አይጠይቅም። አዲሶቹን ሁለቱንም በጥፍር ይጫኑልህ፤ ከአሮጌው ኦሪጅናል ይልቅ ድንጋይ ከሆኑ ኮፒ ናቸው፣ ያኔ ከዚያ መላኩ ትርጉም አለው። የድሬ ሙቀት ጎማ እንደሚያደርቅም አትርሳ፣ ያልተቀየሩት ሁለቱ አርጅተው ሥራውን ሁሉ ለአዲሶቹ ጥለውት ሊሆን ይችላል።

ሁለት አጭር ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ይርገጠው። ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ የካምቢዮው ኩሽኔታ፣ ሲረገጥ ከመጣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፤ ንዝረቱ ከሞተሩ ዙር ጋር እየባሰ ከሄደ ደግሞ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) በቶርኖ ተልጦ ከሆነ እሱን ይዩት። ሁለተኛ፣ ኤሲ ሲበራ ብቻ የሚብስ ከሆነ ሚኒሞው ለኤሲው ጭነት አልጨመረም ማለት ነው፤ የአየር ማስገቢያው ጉሮሮ ይታጠብ። ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ከሆነች ሚኒሞ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጧ ተፈጥሮዋ ነው፣ መካኒክ አታሰቃዩ።

ወንድምህ ድምፁን በስልክ ጥሪ እንዳያሰማህ፣ የስልክ ጥሪ የማያቋርጥ ድምፅን እየለየ ያጠፋል። ቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም ይላክልህ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አንዴ፣ ከሞቀ በኋላ አንዴ። ጋራዥም የሚሄድ ከሆነ ጠዋት ነው፤ ከምሳ በኋላ ድሬ ማን እንደሚሠራ አንተም ታውቃለህ፣ በርጫ ላይ ያለ መካኒክ ሁሉንም መኪና ያድናል፣ በወሬ።

ቀሪ ክፍያ ካለ መካኒኩን ጎኑ አስቀምጦ ደንገጎ ድረስ ሳይወጣ እንዳይከፍል። ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ሜዳ ላይ የተደበቀ ሁሉ ይወጣል፤ የደከመ ቦቢና እዚያ ይሰናከላል፣ የሚነካካ ቱቦ እዚያ ይጮኻል። ሲወርድ ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ ይውረድ፣ የሜዳውን የነጻ ማርሽ ሙከራ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ እንዳይሞክረው። ቪዲዮው ሲደርስህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እንሰማዋለን።