የልጄ የወተት ጥርስ ተቦርቡሯል፤ ይነቀል ወይስ ይሞላ?
ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የ5 ዓመት ልጄ የኋላ የወተት ጥርሷ ተቦርቡሮ ጠቁሯል። ትኩስ ነገር ሲነካው ትጮኻለች። እንጀራውን እንኳ በአንድ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው። ጎረቤቱ ሁሉ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል፣ ተይው» ይለኛል። ግን የኋለኞቹ የሚወልቁት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ነው። እስከዚያ እንዴት ትቻለው? አንድ ክሊኒክ ደግሞ «ይነቀል» አሉን። ያለጊዜው ከተነቀለ ጎረቤት ጥርሶች ተጠግተው ቋሚውን ጥርስ ቦታ ያሳጡታል ብዬ ፈራሁ።

ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ አተር በምታክል፣ ጠዋትና ማታ እቦርሽላታለሁ። አማቴ ግን ከቦረሽኩላት በኋላ ዳቦ በማር ያጎርሷታል። ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው?

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የልጅ ጥርስ የሚሞላ ሐኪም የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ዋጋውንም ብትነግሩኝ።