ቫልቭ ይቀየር ተባልን፤ ወጪውን ከየት እንጀምር?

የደሴው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ተብላ ሚትራል ቫልቯ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው የደም በር) ጠቧል። ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ስፋቱ 0.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይላል። «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል» ተባልን። የመንግሥቱ ወረፋ ረጅም ነው፣ የግሉ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ዘመድ ደግሞ «ሕንድ ውሰዷት» ይላል። ገንዘብ ማሰባሰብ ሳንጀምር ምን ማወቅ አለብን? ገና አላገባችም፤ ወደፊት መውለድ ትፈልጋለች።

ኢኮ ክፍል
እግዚአብሔር ይማርልህ። ከ1.5 በታች ከባድ መጥበብ ነው፤ 1.0 እና ከዚያ በታች ደግሞ እጅግ ከባድ ስለሆነ አትዘግዩ። ግን የጠበበ ሚትራል ሁሉ ደረት አያስከፍትም። በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ የተጣበቀውን ቫልቭ የሚያላቅቅ የባሉን ሕክምና አለ። አዲስ ቫልቭም የልብና ሳንባ ማሽንም ስለማይፈልግ ወጪው በጣም ያንሳል፤ ታማሚውም በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ የኢኮ ወረቀቱን አውጣና «ዊልኪንስ» የሚለውን፣ ቫልቩ ምን ያህል እንደተበላሸ የሚያሳየውን ነጥብ ፈልግ። የሚሰጠው ከ16 ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ለባሉን ይመቻል። ቀጥሎ ቫልቩ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል ወይ የሚለውን እይ፤ «ማይልድ» (ቀላል) ከሆነ ችግር የለውም። በግራው የልብ ጓዳ የረጋ ደም አለመኖሩ ደግሞ በጉሮሮ በሚገባው ኢኮ መረጋገጥ አለበት፤ በደረት ላይ የሚሠራው ኢኮ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

የደሴው ልጅ
ዊልኪንስ 10 ይላል፤ መመለሱ «ሞደሬት» (መካከለኛ)። ባሉን አይሆንም ማለት ነው?

ኢኮ ክፍል
አዎ፣ መመለሱ ብቻውን ይከለክላል፤ ባሉን ያባብሰዋል። አሁን ቀዶ ሐኪሙን የምትጠይቀው «ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?» ብለህ ነው። ሩማቲክ ቫልቭ ለጥገና አስቸጋሪ ቢሆንም አንዳንዱ ይጠገናል።

ፋርማሲ
ከገንዘቡ በፊት የቫልቩ ዓይነት ይወሰን፤ የዕድሜ ልክ ወጪውን የሚወስነው እሱ ነው። ሜካኒካል (ሰው ሠራሽ) ቫልቭ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ለሚትራል አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ወርዶ ከቆየ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከፍ ካለ ይደማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደሴ ላይ አይኤንአር ሳያቋርጥ የሚሠራ ላቦራቶሪ አለ ወይ?» ነው። በየጊዜው አዲስ አበባ የምትመላለስ ከሆነ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ከመድኃኒቱ ይበልጣል። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል አይኤንአርን ከፍ ያደርጋሉ፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ያወርደዋል። የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክም አይቻልም። ጎመን ክልክል አይደለም፤ አንድ ሳምንት ጠግቦ በልቶ በሚቀጥለው መተው ነው ችግሩ። ምርመራ የማይፈልጉት አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ለሜካኒካል ቫልቭ አይሆኑም፤ ዳቢጋትራን ተሞክሮ ጉዳት ስላመጣ ጥናቱ ተቋርጧል።

የእንስሳ ቲሹ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ዋርፋሪን የሚፈልገው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ያህል ነው። ነገር ግን በወጣት ሰው ቶሎ ያረጃል፤ በ10 ዓመት አካባቢ፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ያኔስ ማን ይከፍላል? እሱም ይታሰብ። የልብ ምቷ የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ በቲሹም ዋርፋሪን ስለማይቀርላት ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለ መውለዱ፦ ዋርፋሪን ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በራስ ፈቃድ ማቆም ደግሞ እናትየዋን ሊገድል ይችላል። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከቀዶ ሐኪሙም ከማህፀን ሐኪሙም ጋር የሚጨረስ ጉዳይ ነው፤ ከሰርግ በኋላ አይደለም።

ማሽን ኦፕሬተር
ፕሮፎርማ (የሆስፒታሉን የዋጋ ግምት) ስትቀበሉ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትዩ። ቫልቩ፣ ኦክሲጅኔተሩ (በልብና ሳንባ ማሽኑ ላይ ለደም ኦክሲጅን የሚሰጠው) እና ቱቦዎቹ ውስጡ አሉ ወይ? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስንት ቀን ተቆጥሯል? ቀን ከተጨመረ በቀን ስንት ነው? ደም ከደማና ደረቷ እንደገና ከተከፈተ የማን ወጪ ነው? አብዛኛው ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የጤና መድህን ካርድ ካላችሁ የሪፈር ሰንሰለቱን ሳትዘሉ ሂዱ፤ ከሆስፒታሉ ውጭ የሚገዛ ዕቃ ካለ ይሸፈን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ወረፋውን ደግሞ ሕንድ ስለታሰበ አትልቀቁት። የውጭ ቀዶ ሐኪሞች ቡድን ሲመጣ የሚጠራው የተመዘገበ፣ ኢኮው ያልቆየና ስልኩ የሚነሳ ሰው ነው። ሁለት ስልክ አስመዝግቡ። (ታማሚው ልጅ የሆነባችሁ ካላችሁ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አስቀድሙ።)

እስከዚያው በነፃ ወይም በትንሽ ወጪ የሚያልቀውን ጨርሱ። የተበላ ጥርስ ካላት ጀርሙ በደም ወደ ቫልቩ እንዳይደርስ ይታከም፤ ቀኑ ደርሶ በጥርስ ምክንያት የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ደም የሚለግሱ ዘመዶችን ቁጠሩ። የሩማቲክ ሕመሙ እንዳያገረሽ የምትወስደው ፔኒሲሊን አይቋረጥ፤ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ21 ወይም በየ28 ቀኑ ነው፣ ቫልቩ ከተቀየረ በኋላም ይቀጥላል። መጥበቡ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ግን መርፌው ይሻላል ወይስ የሚዋጠው የሚለውን ሐኪሟ ይወስን።

ቦሌ መንገድ
ሕንድ ከሆነ የሜዲካል ቦርድ (ውጭ አገር መታከም እንዳለባት የሚወስን የሐኪሞች ቦርድ) ወረቀትና የሆስፒታሉን ፕሮፎርማ ይዛችሁ መጀመሪያ ባንክ ሂዱ፤ ምንዛሪ ሳይታወቅ ትኬት አይቆረጥ። የሕክምና ኢቪዛው ሁለት አስታማሚ ይፈቅዳል፣ ለበጀት ግን አንድ ይበቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይወሰድ፤ ካርድ የሌለው እዚያ ኳራንቲን ይገባል፣ አስታማሚም ቢሆን። የሚሰበሰበውን ብር በአንድ ሰው ስም አታስገቡ፤ በጣምራ ፊርማ የሚወጣ ሒሳብ ክፈቱ። ከፕሮፎርማው በላይም ለተጨማሪ የአልጋ ቀንና ከተመለሰች በኋላ ላለው የአንድ ዓመት ዋርፋሪንና ምርመራ የሚሆን ለብቻው ያዙ፤ ሰው ለቀዶ ሕክምና ይሰጣል፣ ለክኒን ግን ድጋሚ አያዋጣም።