ኮሮላዬ ዳገት ላይ ትቆራርጣለች፣ ሞተሩ ይውረድ ተባልኩ፣ እውነት መውረድ አለበት?

የሽሮሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እስቲ በናታችሁ እውቀቱ ያላችሁ እርዱኝ። መኪናዬ ኮሮላ 2004 ሞዴል ነች፣ 1.8፣ ሞተሯ 1ዜድዜድ የሚባለው፣ ማንዋል፣ ቆጣሪው 290 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ደርሷል። ጠዋት ሳስነሳት ምንም አትልም፣ ሜዳ ላይም ደህና ነች፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስጀምር ግን በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ጠበቅ አርጌ ስሰጣት ትቆራርጣለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሬን ቀለል ሳረግ ትተወዋለች። ዝናብ የጣለ ቀን ይብስባታል። ቼክ ኢንጂኑ ድሮ በራ ጠፋ ነበር የሚለው፣ አሁን ዳገት ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል።

ጋራዥ ወስጄ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን ግፊት) ለኩልኝ፣ በፒኤስአይ 142፣ 138፣ 140፣ 141 መጣ። መካኒኩ ስልኩ ላይ የሞተሩን ማኑዋል አውጥቶ አሳየኝ፣ ደህና ሞተር 189፣ ዝቅተኛው 145 ይላል። አራቱም ከዝቅተኛው በታች ናቸው፣ ፋሻ (የፒስቶኑን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተሩ ወርዶ ሬትፊካ ይግባ፣ ውስጡ ይታደስ አለኝ። ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው የጠየቁኝ። ልጆች ትምህርት ቤት የማመላልስባት መኪና ነች፣ ያለሷ አልችልም፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከመወሰኔ በፊት የናንተን ሀሳብ ልስማ ብዬ ነው።

ቪትዝ ወዳጅ፦
እህት እኔ የቤንዚን ፓምፑን ነው የምጠረጥረው። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል ፓምፑ ደክሞ ከሆነ አያደርስለትም። ፓምፑ ከኋላ ወንበር ስር ነው ያለው፣ ፊልትሮውም አብሮት ታንኩ ውስጥ ነው፣ በዚ ኪሎሜትር ተቀይሮ ካላወቀ ቢቀየር ነው የሚሻለው።

ሰላም ለሁሉ፦
ከዚ ሁሉ ኢንጀክተር ማጽጃ ገዝተሽ ታንኩ ውስጥ ጨምሪና ረጅም መንገድ ንጃት፣ ይለቃታል።

ጋሽ መካኒክ፦
የኔ ልጅ፣ ሞተሩን አታስወርጂ። መጀመሪያ ይሄን ልበልና ወደ ችግሩ እመለሳለሁ።

ማኑዋሉ ላይ ያለው 189 እና 145 አየሩ ከባድ በሆነበት ቆላ፣ ባህር ጠለል አካባቢ ለሚለካ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ነች፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዛም ከፍ ይላል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፣ ፒስቶኑ ስቦ የሚያምቀው አየር ራሱ ያነሰ ስለሆነ ጌጁም ዝቅ ብሎ ያነባል። ያንቺ 140 ጅቡቲ ወርዶ ቢለካ ወደ 185 ይጠጋል፣ ለ290 ሺህ ኪሎሜትር ሞተር ያ በጣም ጤነኛ ነው። እዚህ ከተማ ስንት ደህና ሞተር በዚህ ስሌት እንደወረደ እኔ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

በኛ ከፍታ ላይ መታየት ያለበት አራቱ መቀራረባቸው ነው። ማኑዋሉ በትልቁና በትንሹ መካከል 15 ድረስ ይፈቅዳል፣ ያንቺ ልዩነት 4 ብቻ ነው። አንዱ 140 ሆኖ አንዱ 95 ቢሆን ኖሮ ያኔ እንነጋገራለን፣ ዝቅ ባለው ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አርጎ ድጋሚ መለካት ነው፣ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ እዛው ከቀረ ቫልቭ ወይ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው ነው። ደግሞ ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚጭሩት) በሙሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ መሆን አለበት፣ ሳይረገጥ የተለካ ከሆነ ቁጥሩ በዛም ያንሳል።

አሁን ወደ መቆራረጡ። ቼክ ኢንጂን ብልጭ ድርግም ሲል ሞተሩ ሚስ እያረገ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ቤንዚን በትክክል አይነድም ማለት ነው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ወደ ካታሊስቱ (ጭሱን ወደሚያጣራው ዕቃ) ሄዶ እዛ እየነደደ ያቀልጠዋል። ስለዚ መብራቱ ብልጭ ሲል እግርሽን ቀለል አርጊ፣ በግድ አትግፊያት። ጭነት ሲበዛባት ብቻ ከሆነና በዝናብ ከባሰ ደግሞ እኔ ከቤንዚን በፊት እሳቱን ነው የማየው። ሙሉ ነዳጅ ስትሰጫት ሲሊንደር ውስጥ ያለው እምቅታ ስለሚጨምር እሳቱ የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ኮይሉ (ለካንዴላው ቮልቴጁን የሚሰጠው) ወይ የኮይሉ ጎማ ከደከመ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በጎን ወደ ብረቱ ያመልጣል። ሜዳ ላይ ደህና የምትሆነው ለዛ ነው። ኮምፒውተር አስደርገሽ የስህተት ኮዱን አስነብበሽ ነበር? ኮዱ ስንት ነው?

የሽሮሜዳዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ ደህና ሞተር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጋራዡ ኮምፒውተር አላረገልኝም፣ ዛሬ ሌላ ቦታ አስደረግኩ፣ ፒ 0303 እና ፒ 0300 አለ።

ጋሽ መካኒክ፦
ጥሩ። 0300 ሚስ አለ ይላል ግን የትኛው እንደሆነ አይለይም፣ 0303 ሦስተኛው ሲሊንደር ነው ይላል። አንደኛ የሚባለው በቺንጋው (በቀበቶው) በኩል ያለው ነው፣ ከዛ ወደ ባትሪው በኩል ቁጠሪ። ይሄ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል አለው፣ አንድ አንድ ብሎን ነው የያዛቸው፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ የሦስተኛውን ኮይል ከአንደኛው ጋር ቀያይሪው፣ ሌላ ምንም አትንኪ፣ ኮዱን አስጠፍተሽ ያንኑ ዳገት ውጪ። ኮዱ ወደ 0301 ከዞረ ኮይሉ ነው፣ ካልዞረ ካንዴላዎቹን በተራ ቀያይሪ፣ ከዛ ነው ኢንጀክተር የሚታየው። ያለ ምንም ወጪ ነው። አንዱን እየገዙ እየሞከሩ ዕቃ መቀየር ግን ገንዘብ ይጨርሳል፣ ችግሩም እዛው ይቀመጣል።

የአዳማው ሹፌር፦
ጋሽ መካኒክ በሙሉ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቤንዚን ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ከጀሪካን ቀድታ ከሆነ ውሃም ሊኖር ይችላል፣ የኛ መኪና ክረምት ላይ እንደዛ አርጋ ነበር። ከታንኩ ትንሽ ቤንዚን በጠርሙስ አውጥታ ብታስቀምጠው ውሃው ከታች ይዘቅጣል፣ ወዲያው ነው የሚለየው። ቪትዝ ወዳጅ ያለው ፓምፕም ቢሆን በግምት አይቀየርም፣ ግፊቱ በጌጅ ይለካል፣ ለዚ ሞተር ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው። ፓምፕ ቢሆን ደግሞ አራቱም ሲሊንደር አብረው ነው የሚራቡት፣ ሦስተኛው ብቻ ተለይቶ አይመጣም።

ቪትዝ ወዳጅ፦
ልክ ነው፣ ኮዱ ከመጣ በኋላ እኔም ፓምፕ አልልም።

የሽሮሜዳዋ፦
አረግኩት! ወንድሜ አግዞኝ ቀየርነው። የሦስተኛውን ኮይል ስናወጣ ጎማው ግማሽ ድረስ በዘይት ተነክሯል፣ አብጧል፣ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጣ ያለ መስመር አለው። ጉድጓዱ ውስጥ በባትሪ መብራት ስናይ ካንዴላው ራሱ ዘይት ውስጥ ቆሟል። የሌሎቹ ደረቅ ናቸው፣ የሁለተኛው ብቻ ትንሽ ወዝ አለው። ዳገቱን ወጣን፣ ቆራረጠች፣ ኮዱ 0301 ሆኖ መጣ። ጋሼ ዞረ!

ጋሽ መካኒክ፦
እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ፣ ያ መስመር እሳቱ ያመለጠበት መንገድ ነው። ግን ኮይል ገዝተሽ ቶሎ አትግጠሚ። ዘይቱ የመጣው ከቴስታታው የላይኛ ክዳን ጓርኒሲዮን ነው፣ በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይሆንና የካንዴላ ጉድጓዶቹ ጋ ያሳልፋል። እሱ ሳይቀየር አዲሱም ኮይል ያው ዘይት ውስጥ ገብቶ ይበላሻል። ካንዴላውን ከመፍታታቸው በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዘይት በጨርቅና በአየር ይጽዳ፣ አለዚያ ዘይቱም አቧራውም ተያይዞ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አራቱንም ካንዴላ ቀይሪ፣ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ይሁን፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በኃይል አጥብቀው ጥርሱን እንዳይበሉት ተቆጣጠሪ።

ሰላም ለሁሉ፦
አራቱንም ኮይል አንዴ ብትቀይርስ አይሻልም? እድሜያቸው አንድ ነው።

ጋሽ መካኒክ፦
አቅም ላለው መጥፎ አይደለም፣ እኔ ግን የሚሠራ ዕቃ አስጥዬ አላውቅም። ያረጀ ኮይል ደህና ከሆነ ብዙ ይሄዳል፣ አንዱ ሲሞት ደግሞ መለየቱን አሁን ታውቃለች። ያ ገንዘብ ለጓርኒሲዮኑና ለካንዴላው ኦሪጅናል ይዋል፣ ማሸጊያው አሳምሮ የተመሳሰለ ካንዴላ ገበያው ላይ ሞልቷል። ሱማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ላይ አሮጌ ኮይል ካገኘሽ ጎማው ለስላሳ ይሁን፣ መሰንጠቅም መስመርም አይኑረው፣ የሶኬቱ አራት እግሮች አረንጓዴ ያልያዙ ይሁኑ፣ ሻጩ ካልሠራ እመልሳለሁ ይበልሽ።

የሽሮሜዳዋ፦
ጓርኒሲዮኑ፣ አንድ ኮይል፣ አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ይዤ በዝናብ ወጣሁት፣ በሦስተኛ ማርሽ ተሳበች፣ አልቆራረጠችም፣ መብራቱም አልበራም። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ። አንድ የቀረችኝ፣ ሲሠሩ ባትሪውን ነቅለውት ነበር፣ ከዛ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልሰጣት የምትዞርበት) ይዋዥቃል፣ ኤሲ ስከፍት ልትጠፋ ትላለች። ሌላ ነገር ተበላሽቶ ነው?

ጋሽ መካኒክ፦
አትደንግጪ። ባትሪ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ያጠናውን የሚኒሞ ልክ ይረሳል። ኤሲውንም መብራቱንም ዘግተሽ አስነሺያትና ሞቃ እስክትረጋ ነዳጅ ሳትሰጪ ተያት፣ ከዛ ኤሲውን ከፍተሽ ትንሽ አቆያት፣ ጥቂት ቀን ስትነጂ ራሷ ታስተካክላለች። ካልተስተካከለች ትሮትሉ (አየር የሚያስገባው በር) ጥቁር ይዟል ማለት ነው፣ እሱንና ከስሩ ያለውን የሚኒሞ ቫልቭ በማጽጃ ያጥቡልሽ። ከታጠበም በኋላ ከፍ ብሎ የሚቀር ከሆነ የአየር ማስገቢያው ጓርኒሲዮን በጎን አየር እየሳበ ይሆናል፣ በዚ ሞተር ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ ያኔ 0171 የሚል ኮድ ይዞ ይመጣል። ዘይቷንም በየሳምንቱ እይ፣ ይሄ ሞተር በዚህ እድሜ ዘይት ይወዳል። መብራቱ ተመልሶ ከበራ ኮዱን እዚሁ ጻፊልኝ።