ሰበር ችሎት ምስክርም ይመዝን? የየካ አባዶ ጎረቤቶች ክርክር

ክርክሩን የከፈተችው (የካ አባዶ)

ጎረቤቶች፣ ሰላም ዋላችሁ? የብሎካችን አንዲት እናት በቤት ሽያጭ ጉዳይ ተከራክረው ተረቱ። ይግባኝ አሉ፤ ፍርዱ ጸና። አሁን ያገኛቸው ሁሉ «ሰበር ይሂዱ» ይላቸዋል፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወዳለው የመጨረሻው ችሎት ማለት ነው። የእሳቸው ቅሬታ ግን ዳኛው ምስክሮቻቸውን አለማመኑ ነው። ሰበር ደግሞ ምስክር አይሰማም። እናንተ ምን ትላላችሁ? የመጨረሻው ችሎት ማስረጃም ይመዝን ወይስ የሕግ ስህተት ብቻ ይይ? የእኔ አቋም ሁለተኛው ነው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ እኔ አልስማማም። ሰው ቤቱን የሚያጣው ሕግ ተጣሞ ሲተረጎም ብቻ አይደለም። የሐሰት ምስክር ቆሞበትም ያጣል። እውነቱ ከታች ከተበላሸ ከላይ ማን ያቃናዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ይግባኝ የማለት መብት ሰጥቷል። የመጨረሻው ዳኛ «ምስክርህን አላይም» ካለኝ መብቱ የት አለ?

ጠበቃ (አያት)

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይግባኝና ሰበር ለየቅል ናቸው። አንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎችን መብት የሚዘረዝር ነው። ይግባኝ ላይ ፍሬ ነገሩም (ምን ተፈጸመ የሚለው) ሕጉም ይታያል። በፌዴራሉ መንገድ ጉዳዩ ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወደ ከፍተኛው ይሄዳል። ከፍተኛው ካጸናው ይግባኙ እዚያው ያበቃል። ከለወጠው ደግሞ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት መሄድ ይቻላል። ይኼን የምለው ስለ ፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው።

ሰበር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ሥልጣኑን «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ባለበት የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ወስኖታል። ማመልከቻው በ90 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያጣሩታል። «ያስቀርባል» (ጉዳዩ ይታይ) ካሉ ተጠሪው፣ ማለትም የረታው ወገን፣ ይጠራና አምስት ዳኞች ይሰሙታል። «አያስቀርብም» ከተባለ አለቀ። አሁን ምስክርም ይመዘን ቢባል የማይመጣ መዝገብ የለም። የተረታ ሁሉ ይመጣል። ያን ጊዜ የእውነት ስህተት ያለበት ሰው ስንት ዓመት ወረፋ ሊጠብቅ ነው?

ጡረተኛ መምህር

ወረፋው የዳኛ ማነስ ነው። ዳኛ ይጨመር። መንግሥት ዳኛ ስላነሰው የእኔ እውነት አይታይ ማለት ፍርድ አይደለም።

ክርክሩን የከፈተችው

መምህር፣ ዳኛ ይጨመር የሚለው ላይ አብረን ነን። እኔ ግን የምፈራው ወረፋውን ብቻ አይደለም። ምስክሩን በዓይኑ ያየው የታችኛው ዳኛ ነው። ሲያመነታ፣ ቃሉ ሲጋጭ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት አይቶታል። ሰበር ያለው ወረቀት ነው። ከወረቀት ተነስቶ «ይኼ ምስክር ዋሽቷል» የሚል ችሎት ከታችኛው የተሻለ ያያል የምንለው በምን ምክንያት ነው?

ሌላም አለ። የሰበር ትልቁ ጥቅም ለአንድ ሰው የሰጠው የሕግ ትርጉም ለሌላውም መድረሱ ነው። በ1997 የወጣው አዋጅ 454 የሰበርን ትርጉም በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ አደረገው። እኛ ሰፈር ቤት የገዛ ሁሉ ይኼን ማወቅ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ (ውል የሚያጸድቅ አካል) ዘንድ ይመዝገብ ይላል። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ቤት ሲወደድ የሸጠው ሰው ራሱ ዞሮ «አልተመዘገበምና ይፍረስልኝ» እንዲል በር ተከፈተ። ስንት ቤተሰብ በዚህ ተንገላታ! በኋላ ችሎቱ አቋሙን አሻሻለ። ተዋዋዮቹ ውሉን ካልካዱት አለመመዝገቡ ብቻውን አያፈርሰውም አለ። ያ አንድ ትርጉም የጠቀመው ለተከራካሪዎቹ ብቻ አልነበረም። ዳኞቹ ምስክር ሲመዝኑ ቢውሉ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጊዜ ከየት ያመጣሉ?

የሱቅ ባለቤት (ለገጣፎ)

እናንተ የምታወሩት ስለ አዲስ አበባ ነው። እኔ ከእናንተ የምርቀው ትንሽ ነው፤ ግን ያለሁት ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ጉዳዬ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው የሚሄደው። የክልሉም ጠቅላይ ፍርድ ቤት የራሱ ሰበር አለው። ድሮ ከዚያ ተነስቶ ፌዴራል ሰበር መሄድ ይቻል ነበር። አሁን በአዋጅ 1234/2013 የክልል ጉዳይ ከሆነ የሕግ ስህተት ብቻ አይበቃም፣ የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆን አለበት ተብሏል። የእኔ ቤት አገራዊ ፋይዳ የለውም። ለእኔና ለልጆቼ ግን ያለን እሱ ነው። ጎረቤቴ በሕግ ስህተት ብቻ የሚገባበት በር ለእኔ ለምን ሌላ መስፈርት ይጨመርበታል?

ጠበቃ (አያት)

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። ግን ሕገ መንግሥቱ በክልል ጉዳይ ላይ የመጨረሻውን የዳኝነት ሥልጣን ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። በክልል ሰበር ላይ ሌላ ሰበር ከተጫነ ያ ሥልጣን ባዶ ይሆናል። ተከራካሪውም አንድ ደረጃ ይጨመርበታል። የረታው ሰው ደግሞ መቼ ነው የሚያርፈው?

ክርክሩን የከፈተችው

እዚህ ላይ ከለገጣፎው ወንድማችን ጋር ነኝ። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነውን መዝገብ ቁጥር 23632 አስታውሱ። ልጅ ያሳደገች አክስትና አባት ተከራክረው የክልሉ ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ለአባት ፈረዱ። የፌዴራል ሰበር ግን ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረው። ጉዳዩ የመጣው ከክልል ነበር። ሲታይ የአንድ ቤተሰብ ጠብ ነው። በወቅቱ አገራዊ ፋይዳውን ማን ያውቅ ነበር? ዛሬ ስለ ሕፃናት አሳዳጊነት ሲወራ የሚጠቀስ ውሳኔ ሆኗል። መስፈርቱ የሕግ ስህተት ይሁን፤ ግን ለሁላችን አንድ ይሁን።

የሕግ ተማሪ

ስለ ወንጀል ማንም አላነሳም። እዚያ «ፍሬ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ያስፈራል። ሰው ነፃነቱን ያጣል። ተከሳሽ ንጹሕ መሆኑን ራሱ ያስረዳ ተብሎ ቢፈረድበት፣ ወይም ወንጀሉን የሚያቋቁም አንድ ነጥብ ሳይረጋገጥ ጥፋተኛ ቢባል፣ ጉዳዩ ምስክር ማመን አለማመን አይደለም። ሕግ ተጥሷል። ሰበር ሊያየው ይገባል።

ጠበቃ (አያት)

ትክክል ብለሻል እህቴ። ማስረጃ የተመዘነበት መንገድ ሕግ ሲጥስ የሕግ ጥያቄ ይሆናል። በፍትሐ ብሔርም እንደዚያው ነው። ያው አዋጅ 1234 ከሕግ ስህተቶች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ተገቢውን ጭብጥ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ መወሰን ያለበትን ጥያቄ፣ አለመያዝን ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ሰው «ምስክሬን አላመኑልኝም» ብሎ አምስት ገጽ ስለሚጽፍ ነው። ጭብጡ በስህተት ተይዞ ከሆነ ግን በሁለት ገጽ ማሳየት ይቻላል።

ጡረተኛ መምህር

ይኼን ልዩነት ጠበቃ የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ይለየዋል? ሙግታችሁ አማረ፣ ግን በሩን የሚከፍተው የቋንቋው አዋቂ ብቻ ከሆነ እኔ አሁንም በአቋሜ ነኝ።

ክርክሩን የከፈተችው

መምህር፣ ለዚህ ጥያቄዎ መልስ የለኝም። ጠበቃ፣ እትዬን የሁለቱንም ፍርድ ግልባጭ ይዘው ቅዳሜ እንዲመጡ ልንገራቸው? ከ90 ቀኑ ብዙ አልቀረም።

ጠበቃ (አያት)

ይምጡ። የጽሑፍ ውሉንና የምስክር ቃል የተጻፈበትንም ይያዙ። መጀመሪያ የማየው ጭብጡ እንዴት እንደተያዘ ነው።