ባሕር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎች ስለ ውቅያኖስ ጤና ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ መምህር ዘአቃቂ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አቃቂ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም አስተባብራለሁ። ክበቡ ዘንድሮ ስለ ውቅያኖስ ጤና ዝግጅት እንዲያቀርብ ታስቦ፣ ወንዛችን ውስጥ የሚጣል ፌስታል መጨረሻው የባሕር ዔሊ ሆድ እንደሆነ የሚናገር ፖስተር ተሰጥቶናል። ከልጆቹ አብዛኞቹ ባሕር ቀርቶ ሐይቅም አላዩም። በየቀኑ የሚያዩት ውኃ በኮንዶሚኒየሙ ግርጌ የሚያልፈው ጥቁር ወንዝ ነው፤ እሱንም አፍንጫቸውን ይዘው ይሻገሩታል። ፖስተሩ የሚለው እውነት ነው? ካልሆነስ የባሕር በር በሌላት አገር የሚያድግን ልጅ ከባሕር ጋር በምን ላስተዋውቀው?

መልስ፦ የተፋሰስ ሰው

ውድ መምህር፣ ፖስተሩን ባይሰቅሉት እመርጣለሁ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ፤ አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ የልጆቹ ፌስታል የሚቀረው እዚሁ እኛው ዘንድ ነው፦ አባ ሳሙኤልን በሸፈነው እንቦጭ መሀል፣ ወይም በዚያው ውኃ በሚለማው የጎመንና የሰላጣ ማሳ ውስጥ። ይህ በራሱ በቂ ምክንያት ስለሆነ ዔሊ መጥቀስ አያስፈልግም። አንድ ነቃ ያለ ተማሪ ካርታ ዘርግቶ አዋሽን በጣቱ ከተከተለ ነገሩን ይደርስበታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር የሚነግሩትን ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማል።

እኔ ብሆን ከዝናብ እጀምራለሁ። የበልጋችን እርጥበት በአብዛኛው የሚነሣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ለክረምቱ ደግሞ አትላንቲክም በኮንጎ ተፋሰስ በኩል ድርሻ አለው። እጅግ የሚርቀን የፓስፊክ ውቅያኖስ እንኳን በምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሰት፣ የክረምት ዝናባችን ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ይኸው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። በካይ ጋዞች በምድር ላይ ካስቀሩት ተጨማሪ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ መሆኑን ከዚህ ቀጥለው ቢነግሯቸው፣ የባሕር ሕመም ለገበሬው ዘመዳቸው ምን ማለት እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩታል።

መልስ፦ ዘሱሉልታ

ከላይ የተሰጠው መልስ ለእንጦጦ ደቡባዊ ተዳፋት ልክ ነው፤ እኛ ከጀርባው ያለነው ግን ሌላ ዕጣ ደርሶናል። ከጋራው ጫፍ ላይ ወደ ከተማው ያዘነበለው ዝናብ ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ ወደ ሱሉልታ ያዘነበለው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ የዓባይ መድረሻ ደግሞ ሜዲትራንያን ነው። ህዳሴና አስዋን በመንገዱ ላይ ስላሉ ፌስታሉ ባሕር ይደርሳል ብዬ አልከራከርም። እኔን የሚደንቀኝ የአፈራችን ነገር ነው። በየክረምቱ ከደጋችን ተጠርጎ ይወርድ የነበረው ደለልና ንጥረ ነገር በግብፅ ዳርቻ የሚኖረውን ሰርዲን ይመግብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጎርፉን ሲይዘው፣ ከዐሥር ሺህ ቶን በላይ የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጥቂት መቶ ቶን አሽቆለቆለ። (የአፈር መሸርሸርን ማመስገኔ አይደለም፤ የእኛን ማሳ ያራቆተው ያው ጎርፍ ነውና።)

ሌላም ልጨምር። ሙገር ላይ ለሲሚንቶ የሚፈለጠው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተደላደለ ነው። የልጆቹን ኮንዶሚኒየም ግድግዳ አስነክተው ቢነግሯቸው ባሕሩ ያን ያህል ሩቅ አይሆንባቸውም።

ጠያቂ፦ መምህር ዘአቃቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፖስተሩን ለሰጡን ሰዎች የአዋሽን ካርታ ይዤ እሄዳለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቹን ከክፍል አውጥቼ ከውኃ ጋር ማገናኘት እፈልጋለሁ፣ ወላጆች ግን ወንዙን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው።

መልስ፦ የክበብ አስተባባሪ

በአቃቂ ወንዝ ውኃ ልጆች እጃቸውን እንዳይነክሩ፤ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚገባበት ነው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እንጦጦ ላይ ቀበና ከሚነሣበት አካባቢ፣ ሰው ከሰፈረበት በላይ ወዳሉት ምንጮች እንወጣለን። እያንዳንዱ ልጅ ከውኃው ውስጥ አንድ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይገለብጣል። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጅራቷ እንደ ሦስት ፀጉር የተሰነጠቀ የነፍሳት ዕጭ ከተገኘች ውኃው ንጹሕና አየር ያለው ነው፤ እሷ በቆሸሸ ውኃ አትኖርም። በሌላ ቀን መምህሩ ብቻ ጓንት አድርጎ፣ ከታችኛው ወንዝ በገመድ በታሰረ ባልዲ ጭቃ ይቀዳና በነጭ ሳህን ላይ ያፈስሰዋል። እዚያ የሚርመሰመሰው ቀይ ትል መሳይ ዕጭ ነው፤ ቅላቱ እንደ ደማችን ኦክስጅን የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላለው ነው፤ አየር ባጠረው ጭቃ ውስጥ የሚያኖረውም ይኸው ነው። በባሕርም ፍሳሽ የሚበዛባቸው ዳርቻዎች እንዲሁ ኦክስጅን እያጠራቸው ዓሣ አልባ ስለሚሆኑ፣ የምንጩንና የታችኛውን ወንዝ ዕጮች ያነጻጸረ ልጅ ያንን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ጉዞውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢያደርጉት ይመረጣል፤ በክረምት ግን ከላይ የዘነበው ጎርፍ ሳይታሰብ ስለሚደርስ፣ ሰማዩ ብሩህ ቢሆንም ልጆቹን ወደ ወንዝ አይውሰዱ።