ፕራይመር ከየት ልዘዝ? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ሥራዬ ጂኤፍፒ የሚባለውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጂን ፒኢቲ-28ኤ የሚባል ቬክተር (ጂን ተሸካሚ ዲኤንኤ) ውስጥ ላስገባ ነው። ከፊት ኤንዲኢ-ዋን፣ ከኋላ ኤክስሆ-ዋን የሚባሉት ኢንዛይሞች ዲኤንኤ የሚቆርጡበትን መቁረጫ ጨምሬ ፕራይመሮቹን (ጂኑን ለማባዛት የሚያገለግሉትን አጫጭር ዲኤንኤዎች) ጽፌያለሁ። ፕራይመር ከሚሠሩት ድርጅቶች፣ ከአይዲቲ፣ ከማክሮጅንና ከኢንቃባ ማን ይሻለኛል? አዲስ አበባ ነኝ።

የላብ ልጅ፦ ኢንቃባ! ፕሪቶሪያ ናቸው፣ ቅርብ። አራት ዓመት ከነሱ ሌላ ጋ አልሄድኩም፣ አልሄድምም።

ሴኡል የተማርኩ፦ ማክሮጅን። ሲኩዌንሲንጉንም (የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ማንበቡን) እዛው ትጨርሺዋለሽ።

የላብ ልጅ፦ ሴኡል ቁጭ ብሎ ማዘዝና ከዚህ ማዘዝ አንድ አይደለም ወንድሜ።

ሁለት ወር የሄደበት፦ እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት የኔን ስሚ። እኔም ጂኤፍፒ፣ እኔም ኤንዲኢ-ዋን። ፒሲአሩ (ጂኑን ማባዛቱ) ዲኤንኤን በርዝመት በሚለየው ጄል ላይ 720 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) አካባቢ አንድ ጥርት ያለ ባንድ (መስመር) ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ቆረጥኩት። ጄሉ ላይ ሁለት ባንድ! አንዱ 490፣ አንዱ 230 ገደማ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ኢንዛይሙ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ አስመጣሁ። ለካ የተፈጥሮው ጂኤፍፒ ራሱ ውስጡ ኤንዲኢ-ዋን የሚቆርጠው ሲ-ኤ-ቲ-ኤ-ቲ-ጂ አለው። ጂኔን በገዛ እጄ ለሁለት ስቆርጠው ከረምኩ።

ሴኡል የተማርኩ፦ ኢንዛይም ማስመጣት ነው የሚያቃጥለው። የኔ የታሸገበት በረዶ ሟሙቶ ነው የደረሰኝ።

ዶክትሬት ላይ፦ የኔም! ስንት ቀን ጉምሩክ ተቀምጦ።

ቀጥታ ተናጋሪ፦ ልጅቷ ስለ በረዶ ጠየቀች እንዴ? ፕራይመር ደርቆ ነው የሚላከው፣ መንገድ ላይ አይበላሽም።

ቴክኒሻኑ፦ የኔ እህት፣ የጂንሽን ቅደም ተከተል ኤንኢቢከተር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ለጥፊው፣ ነፃ ነው። ጂንሽን የማይነኩትን ኢንዛይሞች ያወጣልሻል። ቬክተሩ ላይ ከኤንዲኢ-ዋን ቀጥሎ የኤንኤችኢ-ዋን መቁረጫ አለ፣ እሱን እዪ። ከመቁረጫው በፊት 6 ትርፍ ቤዝ ጨምሪ፤ ኢንዛይሙ ጫፍ ላይ መቆሚያ ካጣ በደንብ አይቆርጥም። የፕራይመሩን የማቅለጫ ሙቀት (ከጂኑ የሚላቀቅበትን) ስታሰዪ ጂኑ ላይ የሚያርፉትን ከ18 እስከ 22 ቤዞች ብቻ ቁጠሪ፣ ጅራቱን (መቁረጫውንና ትርፉን) ተዪው። የኋላውን ሂስ-ታግ (ፕሮቲኑን ለማጣራት የሚረዳውን ቅጥያ) ከፈለግሽ ስቶፕ ኮዶኑን (ፕሮቲኑ እዚህ ያብቃ የሚለውን ምልክት) አውጪው።

ጠያቂዋ፦ ውይ፣ አሁን ፈተሽኩት። የኔም ውስጡ አለው! ነገ ልከፍል ነበር እኮ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ፊተኛውን እንደገና እጽፈዋለሁ።

የላብ ልጅ፦ ጎሽ። ከኢንቃባ ነው አይደል የምታዢው?

ሴኡል የተማርኩ፦ ማክሮጅንን ዋጋ ሳትጠይቂ እንዳትወስኚ።